በሩ «አንቺ» ሲለኝ

በሕጉ አርባ ሌሊት ቤትህ ያደረ ነገር ያንተ ይሆናል። እኔ ክፉ ክፉው ስለሚታየኝ፣ ልጄ ትርሲት ወልዳ ላርሳት ስመጣ ፔርሙሴን በየሠላሳ ዘጠኝ ቀኑ ጎረቤት ቤት አሳድር ነበር። የወለደችው ሴት ስለሆነች ክርስትናው ሰማንያ ቀን ጠበቀ። በመካከሉ የቤቱ በር አንቱታውን ትቶ «አንቺ» ይለኝ ጀመር፤ ስለተላመድን መስሎኝ ነበር።

በክርስትናው ማግስት ፔርሙሴን ይዤ ወደ ቤቴ ልሄድ ስነሳ በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ።

«ፔርሙሱ የዚህ ቤት አይደለም፤ ይለፍ» አለ። «አንቺ ግን የቤቱ ንብረት ነሽ፤ ባለቤትሽ ትርሲት ትፍቀድ።»

ራሴን ጎረቤት ማሳደሩን መርሳቴ የታወቀኝ ያኔ ነው።

ባሏ ጌትነት ሳቀ። «እትዬ፣ ይለምዱታል። እኔስ ከሠርጋችን ጀምሮ የእሷ አይደለሁ?»

ትርሲት በሩ ላይ ያለውን የመውጫ ፈቃድ መስጫ ሰሌዳ አየች። «እማዬ፣ እናት የሚል የዕቃ ዓይነት የለውም እኮ።»

«የወጥ ቤት ዕቃ በይኝና ልሂድ!»

ሰሌዳውን ልትነካ ጣቷን ስታነሳ ሕፃኗ አለቀሰች። ጣቷ አየር ላይ ቀረ።

«ጥርስ እስክታበቅል ብቻ፣ እማዬ።»

ፔርሙሴን በክፍተቱ አሳልፌ ደጅ አስቀመጥኩት፤ እሱ እንኳ ይትረፍ። ከዚያ ሕፃኗን ላባብል ተመለስኩ።