የሰው ልጅ እጅ

አስረሳሽ ልጇን ለማየት ከሮቢት በእግሯ ተነስታ ቆቦ ዳር ያለው ጦር ሠፈር ስትደርስ፣ ማሽላው በታጨደበት ሜዳ ላይ አርባ ወታደሮች ጭምብል አጥልቀው ተሰልፈው ነበር። ሁሉም አንድ ፊት ሆኑባት።

«የመርዝ ጋዝ መከላከያ ልምምድ ላይ ናቸው፣ እናቴ። ፊሽካ እስኪነፋ ማንም ጭምብሉን አያወልቅም፤ ከቦታውም አይነቃነቅም» አላት አሰልጣኙ አስር አለቃ።

«ታዲያ የወለድኩትን ልጅ ላጣው ነው?» ብላ ሰልፉ መሀል ገባች። ቁመቱንና ትከሻውን አይታ አንዱ ፊት ቆመች። «ደጀኔ፣ ምነው እንዲህ ከሳህብኝ?» አለችና ቀኝ እጁን በሁለት እጆቿ ያዘች።

ወዲያው ደነገጠች። የደጀን አውራ ጣት ላይ ማጭድ የተወው ጠባሳ አለ፤ የዚህኛው ጣት ግን ልስልስ ነው። የሰው ልጅ ነው። አፍራ ልትለቀው ስትል ወታደሩ እጇን ጥብቅ አድርጎ ያዛት። በጭምብሉ መስታወት ውስጥ ዓይኖቹ በእንባ ተሞልተው አየች።

ከኋላዋ ደጀን ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማች። ድምፁን አልሳተችውም። ግን ዞር አላለችም።

«አይዞህ የኔ ልጅ፣ አለሁ» አለችው ፊቷ ለቆመው ወታደር፤ ፊሽካው እስኪነፋም እጁን አልለቀቀችም።