ከውስጥ የታየ ካፖርት

መቀሱ ተከፍቶ ጨርቁ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ግን አይቆርጥም። ሰፊው መቀሱን ያያል፣ ጥቅሉን ያያል፣ ከዚያ የሚስቱን እህት ያያል። እሷ ከስፌት መኪናው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስልኳን እንደ መስተዋት ፊቷ ላይ ደቅናለች።

«ላይኩ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ገባ ጋሼ! አሁን እያየሁት ጨመረ።»

«ማነው የጨመረው?»

«ሰው ነዋ!»

«ሰው ከሆነ እግር አለው። እግር ያለው በዚህ በር ይገባል።»

በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የገባበት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የተበጠሰ ቁልፍ ሊያስተክል።

ነገሩ የመጣው በአንድ የሴት ካፖርት ነው። ሰፊው እንደዚያ አሳምሮ ሰፍቶ አያውቅም። እህትየው ፎቶ አነሣችውና ለሱቁ በከፈተችው ፔጅ ላይ ለጠፈችው። ላይኩ ሲጎርፍ ጊዜ እግሯ መሬት አልረገጠም፤ ሮጣ ሄዳ ከጨርቅ ነጋዴው ይህን ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ አሸክማ መጣች። አርባ ካፖርት ይወጣዋል። ነጋዴው የተናገረው አጭር ነው፦ መቀስ ካልነካው ዛሬ እስከ ማታ መልሱ፤ ከነካው የእናንተ ነው። ተቆርጦ ገዢ ከጠፋ ደግሞ ሰፊው ሱቁን አስረክቦ ሰው ቤት ተቀጥሮ ሊሰፋ ነው፤ በዚህ ዕድሜው።

«ቁረጠው እንጂ! መቀስ ይዞ ሐውልት ይሆናል እንዴ ሰው?»

«እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። ላይክ የሚሸጡ ሰዎች አሉ ይባላል። ገዝተሻል?»

«እኔ?» ስልኩን ደረቷ ላይ ትለጥፋለች። «እህቴ ትሙት!»

«እሷን ተያት። ሚስቴ ናት።»

ትስቃለች፤ እሱ አይስቅም። ሰፈሩ «ጋሼ ሜትር» የሚለው ሐኪም ቤት ሲሄድ እንኳ ሜትሩን ከአንገቱ ስለማያወርድ ብቻ አይደለም። ሰላምታ የሰጠውን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ከላይ እስከ ታች ይለካዋል፤ «ደህና ነኝ» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው።

መቀሱን አስቀምጦ መነጽሩን ያደርጋል። «አምጪው ወዲህ። መልካቸውን ልየው።»

እህትየው በጣቷ እየገፋች ታሳየዋለች። የመጀመሪያው ሰውዬ አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሏል። ሰፊው የራሱን ሜትር ይዳስሳል። ሁለተኛዋ የእጇ አንጓ ላይ መርፌ የተሰካባት ትንሽ ትራስ አስራለች። ከሦስተኛው ጀርባ የስፌት መኪና ቆሟል።

«የጻፉትን አንብቢልኝ።»

«አድናቆት ነው ሁሉም! ‹የብብቱን መጋጠሚያ እንዴት ዘጋኸው?› ይላል አንዱ። ‹ገበሩ በእጅ ነው በመኪና?› ‹እባክህ ጌታዬ፣ የኮሌታውን ሥር ጠጋ አድርገህ አሳየን።› አየህ እንዴት እንደወደዱት?»

«ስሚኝማ። አንቺ ልብስ ስትገዢ የብብቱን መጋጠሚያ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?»

«ምን አገባኝ እኔ ስለ...»

«ሰፊ ነዋ የሚጠይቀው! የአገሩን ሰፊ ሁሉ ሰብስበሽልኛል። ካፖርት የሚገዛኝ ሰፊ አለ?»

«እኔ ነኝ የሰበሰብኳቸው?» ፎቶዎቹን ታወጣለች። ካፖርቱ ከውስጥ። ካፖርቱ ከውስጥ፣ ከቅርብ። ገበሩ። የገበሩ ጫፍ። ዘጠኙም ተገልብጦ የተነሣ ነው። «‹በውጪው ማንም ያታልላል፣ ገልብጪና አንሺ› ብሎ ጀርባዬ ላይ ቆሞ ያዘዘኝ ማነው? ፊቱንም ላንሣው ስል የተቆጣኝስ ማነው?»

ጋሼ ሜትር አፍንጫውን ያሻሻል። ብሏል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሲል ኖሯል፤ አንድ ደንበኛ እንኳ ገልብጦ አይቶለት አያውቅም። አሁን ሦስት ሺህ ሰው አየለት። ይናደድ ወይስ ደስ ይበለው፣ ለጊዜው አልለየለትም።

«ያ ‹የኮሌታውን ሥር አሳየን› ያለው ሰውዬ፣» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዐይን አለው።»

«እሱን እንግዲህ አልብሰው! ጥቅሉን ልመልስ?»

«ትመልሻለሽ። መጀመሪያ እስከ ታች ጨርሺልኝ።»

ታነባለች። የክር ቁጥር፣ የመርፌ ቁጥር፣ አሁንም ብብት። ከዚያ ጣቷ ይቆማል። «አንዲት ሴት ናት። ‹አንዱ ትከሻዬ ዝቅ ያለ ነው፤ ይሄ ካፖርት ይደብቅልኛል?› ትላለች። ላይክ የለው፣ ምን የለው። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ የመለሰላትም የለም። ልለፈው?»

«ቆይ! ፎቶዋን።»

መጀመሪያ የሚያየው አንገቷን ነው። ሜትር የለም። ሻርፗን በአንድ ወገን ብቻ ከምራዋለች፤ በግራ ይመስላል። ስልክ ግራና ቀኝን እንደሚገለብጥ ግን ሰምቷል፤ እሱንም አያምነውም።

«ጻፊላት። የቱ ትከሻ ነው? በስንት ጣት ነው ዝቅ የሚለው? በያት።»

እህትየው ትጽፋለች። ሰፊው ካፖርቱን ከመስቀያው ያወርድና ብብቱን ገልጦ ጉልበቱ ላይ ያነጥፈዋል። ያቺን መጋጠሚያ ለመዝጋት ሁለት ቀን ፈጅቶበታል፤ ክሩ የት እንደገባ ራሱም በጣቱ ካልዳሰሰ አያገኘውም። ከመሳቢያው ምላጭ ያወጣል።

«ጋሼ! እሷን ልትተረትራት ነው? ሰው ሁሉ የወደዳትን?»

«ዝቅ ያለ ትከሻ የሚሞላው በብብት ተገብቶ ነው።» ምላጩን የመጀመሪያው ስፌት ላይ አስጠግቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ዐይኑን ወደ ስልኩ ያነሣል።

«እየጻፈች ነው፣» ትላለች እህትየው።