የፕሮፌሰሩ የስርጭት ካርታ

ወፍን ያጠና ምሁር ሁሉ እርሱም በተራው በወፎቹ ይጠና የሚል ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ትረሽ የተባሉት የሰሜን አሜሪካ ወፎች እዚያው አገር የሚኖሩትን የፕሮፌሰር ሀብተየስን ሥነ ሕይወትና ስርጭት አጥንተው ዘገባቸውን ላኩ። ዘገባውን የትዳር ጓደኛ አንብቦ ካልፈረመበት ደግሞ ፕሮፌሰሩ ስለ ትረሾቹ ያካሄዱት የሃያ ዓመት ጥናት ለኅትመት አይበቃም።

የፕሮፌሰሩ ባለቤት ወይዘሮ አሰለፈች መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። «ተባዕቱ ደረቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው።»

«ይህስ አይካድም» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«በጫካ ውስጥ እምብዛም አይታይም። ማለዳ ማለዳ ኬክ ቤት ገብቶ ይለቅማል።» ወይዘሮዋ ቀና አሉ። «በየማለዳው ወፍ ላጠና ጫካ ሄድኩ ሲሉኝ፣ ለካ ስኳርዎን ሰማይ ያደረሰው የጫካው አየር ኖሯል። አልፈርምም።»

ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ተቀብለው ቀጣዩን ገጽ ገለጡና ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡ፤ «እንስቲቱ በቤት ውስጥ ጣፋጭን አጥብቃ ብታወግዝም፣ ሐሙስ ሐሙስ ተባዕቱ ሳያያት ከዚያው ኬክ ቤት ትለቅማለች። ክሬም ያለበትን ታዘወትራለች።»

ወይዘሮ አሰለፈች በመስኮቱ ደጅ ወዳለው ዛፍ ተመለከቱ። ነጠብጣብ ደረቷን የነፋች አንዲት ትረሽ ትክ ብላ ታያቸዋለች።

«መጋረጃውን ይዝጉትና» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እስክርቢቶ ያቀብሉኝ።»