የፌራራው ሰው

የሀንጋሪው ንጉሥ ከሩቅ አገር የመጣ ሊቅ ሳያማክሩ ጥርሳቸውን እንኳ አያስነቅሉም ነበር። በቪሸግራድ ቤተ መንግሥት፣ በግብር ቤቱ ከቀኛቸው የሚቀመጠው ኮከብ ቆጣሪው ሩጄሮ ነው፤ ከሩቋ ከተማ ከፌራራ ነኝ ይላል። ጦሩ መቼ እንደሚዘምት፣ ንጉሡ መቼ ገላቸውን እንደሚታጠቡ የሚወስነው እሱ ነው።

ያ ወንበር ቀድሞ የእልፍኝ አስከልካዩ የዶሞቶር ነበር። ዶሞቶር ከሀንጋሪም ሀንጋሪ ነው፤ ጢሙ ከሁሉ የረዘመ፣ ያገሩን ቢጫ የዓሣ መረቅ ሲዝቅ እስከ ክንዱ የሚነከር። ቤተ መንግሥት የገባው በአሮጌው ንጉሥ ዘመን ነው፤ ያኔ የውጭ ሰው በር ላይ ከውሾቹ ጋር ነበር የሚበላው። ደግ ዘመን ነበር ይላል ዶሞቶር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ወይኑ አደፋፈረው።

«ጃንሆይ፣ ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው። ይሄ ሰውዬ እንኳን ሊቅ፣ የፌራራም ሰው አይደለም።»

«በምን አወቅክ?»

«አበላሉን አያዩትም? የፌራራ ሰው ያለ ሆምጣጤ ዓሣ አፉ አያደርስም።»

«ሆድ አገር የለውም፣ ጌታው» አለ ሩጄሮ እየጎረሰ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

ንጉሡ ጨዋታ ሲያገኙ እንደ ልጅ ይፈነጥዛሉ። «እንግዲያው ተወራረዱ» አሉ፤ «የተሸነፈ ዛሬውኑ ቤቴን ይለቃል።»

ዶሞቶር በደስታ ሊዘፍን ምንም አልቀረው። «ጳጳሱ ይመርምሩት» አለ።

«ጳጳሱ ፌራራን የት ያውቋታል? ትናንት ከዚያው አዲስ ሐኪም መጥቶልኛል። ቴባልዶን ጥሩት።»

ዶሞቶርን ትን አለው፤ ጀርባውን ደበደቡለት። ከዚህ ቤት ሌላ መድረሻ የለውም፤ ሚስቱም ልጆቹም እዚሁ ናቸው። «ጃንሆይ፣ በዓሣ ምክንያት እንግዳ ባናስቸግር» አለ።

«ፈራህ እንዴ?»

ሩጄሮም በእጅጌው ላቡን ሲጠርግ ታየ። ያን ሲያይ ዶሞቶር ትንሽ ተጽናና።

ሐኪሙ ገባ፤ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ጎልማሳ ነው። ንጉሡ «ከነዚህ መሃል ያገርህን ሰው አውጣልኝ» አሉት።

ቴባልዶ ገበታውን ዞረ። ሩጄሮ ፊት ቆመ፣ አተኩሮ አየው፣ አለፈው። መኳንንቱ ለዶሞቶር ማጨብጨብ ጀመሩ። ዶሞቶር ግን ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ዓሣውን ይበላል።

ሐኪሙ የዶሞቶርን ጢም በሁለት እጁ ገለጥ አድርጎ አየና አንገቱ ላይ ተጠመጠመ፤ «አጎቴ ኒኮሎ፣ እናቴ እኮ ሞቷል ብላ ተዝካርህን አውጥታለች።»