የጋራው ክፍል

እንደማንኛውም ባልና ሚስት፣ እኔና አጥናፉም ትዝታችንን የምናስቀምጠው አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ለሦስት ተከፍሏል። የጭንቅላታችን ሲስተም ስለማይገጥም የእሱን ክፍል እኔ አላነብም፣ የእኔንም እሱ አያነብም። የጋራው ክፍል ደግሞ ትልቅ ነገር አይቀበልም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የተካፈልነው ቁልፉ የት እንደተቀመጠ ብቻ ነው።

ዛሬ ልጃችን ማክዳ የተወለደችበትን ቀን በእሱ ዓይን ማየት አማረኝ። አጥናፉ ትዝታውን ወደ ጋራው ክፍል ሊገለብጥልኝ ሦስቴ ሞክሮ አልገባ አለው።

«ተወው በቃ!» አልኩት ተናድጄ።

የዲስኩን ገመድ ከጭንቅላቱ ነቀለና አጠገቤ ተቀመጠ። «እንደ ድሮ ሰው በአፌ ልንገርሽ?» አለና እየተንተባተበ ጀመረ። «ማዋለጃ ክፍል አናስገባም ሲሉኝ፣ ጫማሽን አቅፌ ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ቆምኩ።»

እኔ ጋ ባለው ትዝታ ያን ቀን ብቻዬን ነበርኩ።

«ቀጥል» አልኩት፣ እጁን ይዤ።