የጋሽ ጃርት ተማሪ

በእነ ሄራን ቤት ከትናንት ጀምሮ ውሸት ፈጽሞ የተከለከለ መሆኑ ለመላው ቤተሰብ፣ ለድመቷም ጭምር፣ በይፋ ተነግሯል። አዋጁን ያወጣችው የአራት ዓመቷ ሄራን ራሷ ናት። በቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራም ላይ ጋሽ ጃርት የሚባለው ባለ እሾህ መምህር፣ «ልጆች፣ ሰው ሲዋሽ ከሰማችሁ ዝም አትበሉ!» ብሏታል።

ጠዋት የአባቷ ስልክ ጮኸ። አባት ሶፋ ላይ እንደተጋደመ አነሳው።

«መንገድ ላይ ነኝ! መገናኛ ደርሻለሁ፤ መንገዱ ተዘጋግቶብኝ ነው እንጂ...»

«ውሸቱን ነው!» ብላ ጮኸች ሄራን። «ፒጃማ ለብሶ ሶፋ ላይ ተኝቷል!»

«ዝም በይ አንቺ! ከሥራ ልታስባርሪኝ ነው?»

«ጋሽ ጃርት ዝም አትበሉ ብሏል!»

ስልኩን ሲነጣጠቁ ድምፅ ማጉያው ተነካና የአለቃው ጩኸት ሳሎኑን ሞላው።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ዋሸኸኝ? ካሜራው ተዘጋጅቷል፤ ሕፃናቱ ጋሽ ጃርት የታለ እያሉ ያለቅሳሉ። አሁኑኑ መጥተህ እሾህህን ካልለበስክ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ!»

ሄራን አባቷን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«አባዬ... አንተ ነህ እንዴ?»

አባት ሱሪውን እየፈለገ፣ «አላብራራም» አለ።