የላዳዎቹ እሽቅድምድም

የቤንዚን ሰልፉ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ባለላዳዎቹ መሰልቸቱ ሲብስባቸው በቀልድ የመኪና እሽቅድምድም ማሰናዳት ጀመሩ። መነሻው ዳገቱ አናት ላይ ካለው ከጋሽ ተካበ ደጃፍ፣ መድረሻው ማደያው፣ ሽልማቱ ሙሉ ታንክ ቤንዚን።

“አሸናፊው ቀድሞ የደረሰ ሳይሆን ሳይበታተን የደረሰ ነው!” አሉ እሳቸውም ላዳቸውን ይዘው የተሰለፉት ጋሽ ተካበ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ሰልፉ ላይ ግን የእሳቸውን ያህል የሚስቅ አልነበረም።

ዳኛ የተደረገው ደርብ እንቅልፍ አጥቶ ዓይኑ ቀልቷል። “ሞተር ሳይፈተሽ ውድድር የለም” እያለ የሁሉንም ኮፈን ሲያስከፍት ቆይቶ ጋሽ ተካበ ላዳ ጋ ደረሰ።

“የእኔን ተወው፣ ልጄ” አሉት።

እየሳቀ ከፈተው።

ሞተር የለም። በቦታው የሻይ ፔርሙዝና የታጠፈ ጋቢ ተቀምጧል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሁሉም መኪናውን እየገፋ ስለሚጠጋ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ማንም ልብ አላለም።

ቀና ሲል አዛውንቱ መሬት መሬቱን ያያሉ።

ደርብ ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋና ወደ ሰልፈኛው ዞረ።

“አልፈዋል!” ብሎ ጮኸ። “እንዲህ ያለ ንጹሕ ሞተር አይቼ አላውቅም።”